ዊኪያችንን ለአዲስ ሠራተኛ ክፈቱልን፦ ለድርጅታችን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል
ለዊኪ ይዘት አጽዳቂ ኮሚቴ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ አዲስ ሠራተኞች በዊኪው ላይ እንዳይጽፉ የሚከለክለው ሰርኩላር እንዲነሳና ዊኪው ለጀማሪ በሚመች መንገድ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በፒያሳው ዋና መሥሪያ ቤት፣ በአዘዞው ወርክሾፕና በማራኪው ሱቅ የምንሠራ፣ ከተቀጠርን ገና ዓመት ያልሞላን ሠራተኞች ነን። ቴክኒሻኖች፣ የመጋዘን ሠራተኞች፣ የሽያጭና የሒሳብ ሰዎች አለንበት። ጉዳዩን መጀመሪያ በውስጥ ማስታወሻ አቀረብን፤ መልስ አልመጣም። ቀጥሎ በስብሰባ አነሳነው፤ «ይታያል» ተባልን። ስለዚህ በግልጽ ጻፍነው። የድርጅቱን ስም አንጠራም፤ ለሚመለከተው ሰው ከዚህ በላይ ምልክት አያስፈልገውም። በሌላ መሥሪያ ቤት ያለ አንባቢም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ሊሆን ስለሚችል ቢያነበው አይከፋንም።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። ድርጅታችን ጀነሬተር፣ የውሃ ፓምፕና የቢሮ ማሽን ይሸጣል፣ ይጠግናል። የሥራ እውቀታችን በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ ተብሎ ዊኪ ተተከለ። ዊኪ ማለት ማንኛውም ሠራተኛ በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ገብቶ የሚያነበው፣ ስህተት ሲያገኝ እዚያው የሚያርመው፣ የጎደለ ሲያይ አዲስ ገጽ የሚጨምርበት የጋራ መዝገብ ነው። ሲተከል የተባለውም ይኸው ነበር። ጥቂት ወራት እንደተሠራበት ሰርኩላር ወጣ።

ሰርኩላሩ ሁለት ነገር ይላል። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ዊኪውን ያነባል እንጂ አይጽፍም። ቋሚ የሆነውም ቢሆን ማስተካከያ ሲኖረው ቅጽ ሞልቶ ለኮሚቴው ያስገባል፤ ገጹ የሚለወጠው ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲያጸድቅ ነው። የቅሬታችን ዋና ምንጭ ይህ ውሳኔ ነው። ከውሳኔው በፊት የነበሩና ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ችግሮችም አሉ፤ እነሱንም አብረን እናነሳለን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ስለ ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው የድርጅቱን አሠራር በአዲስ ዓይን የሚያየው በእነዚህ ቀናት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ ፓምፕ ለማስወጣት ማን እንደሚፈርም፣ የተመለሰ መለዋወጫ የት እንደሚቀመጥ ሁሉንም ይጠይቃል። መልሱን ከዊኪው ሲያጣ ክፍተቱ ወለል ብሎ ይታየዋል። ሦስት ወር ሲሞላው ይለምደዋል። ጥያቄው ራሱ ከአእምሮው ይጠፋል። ሰርኩላሩ መጻፍ የሚፈቅድለት እንግዲህ ክፍተቱ መታየት ካቆመለት በኋላ ነው። ነባር ሠራተኛ ሰነፍ ሆኖ አይደለም ያልጻፈው፤ ለእሱ ያ ነገር የታወቀ ነው። የታወቀ ነገር ደግሞ ማንም አይጽፍም።

ምሳሌ እንስጥ። ዊኪው ላይ ስለ መስክ ሥራ የሚናገር ገጽ አለ። «አበል ከገንዘብ ቤት ይወሰዳል» ይላል። በማን ፊርማ እንደሆነ አይልም። አዲስ የመጣ ቴክኒሻን ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ገንዘብ ቤት ይሄዳል፤ የጥገና ኃላፊው ይፈርምልህ ይሉታል። ኃላፊው አዘዞ ወርክሾፕ ነው። ባጃጅ ይዞ አዘዞ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሥራ ትእዛዝ ቁጥር አምጣ ይባላል። ቁጥሩ ያለው ፒያሳ ነው። ቆላ ድባ ያለው ደንበኛ በጠዋት ይመጣሉ ብሎ የጠበቀው ቡድን ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከመካከላችን አንዱ በዚህ መንገድ ሲንገላታ ከዋለ በኋላ ቅደም ተከተሉን በአራት መስመር ጻፈው። ዊኪው ግን «ፈቃድ የለዎትም» አለው። ጽሑፉ አሁን ስልኩ ላይ አለ። ከእሱ በኋላ የተቀጠሩት ሁለት ልጆችም እንደ እሱው ተንከራተቱ።

ሁለተኛው ቅሬታ ማጽደቁ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዳቱ ወደ ደንበኛ የደረሰው በዚህ በኩል ነው።

የጀነሬተር መምረጫ ገጻችን የተቀዳው ከአምራቹ ማንዋል ነው። ማንዋሉ ላይ ያለው አቅም ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለካ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ ነዳጁን በደንብ የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰዋል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ አቅም ያጣል የሚለው በሙያው የታወቀ ስሌት ነው። በዚህ ከተሰላ 20 ኪሎ ቮልት አምፔር (የጀነሬተር አቅም መለኪያ ነው) ተብሎ የተሸጠ ጀነሬተር ጎንደር ላይ ከ16 ብዙም አይዘልም። ደባርቅ ሲወጣ ይብስበታል። ወደ መተማ ሲወርድ የከፍታው ነገር ይቀላል፤ ሙቀቱ ግን በራሱ በኩል የሞተሩን አቅም ይቀንሰዋል። ገጹ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም።

ከሌላ ድርጅት ወደ እኛ የመጣ አንድ ቴክኒሻን ገጹን ገና እንዳየ ጉድለቱ ገባው። የሙከራ ጊዜ ላይ ስለነበር መጻፍ አልቻለም። በአለቃው ስም ቅጽ ተሞላ። ቅጹ የማስተካከያው ምክንያት፣ የሚነካቸው ሌሎች ገጾች፣ የጠያቂው የሥራ ደረጃ እያለ ይቀጥላል። ሦስት መስመር ለመጨመር ሁለት ገጽ ቅጽ ማለት ነው። ኮሚቴው በዚያ ወር አልተሰበሰበም፤ ሰብሳቢው መስክ ነበሩ። በሚቀጥለው ወር ተሰበሰበና «የአምራቹ ማንዋል ይህን ስለማይል ማረጋገጫ ይቅረብ» ብሎ መለሰው። በመሃል የሽያጭ ልጆች ያንኑ ገጽ ይዘው ለደባርቅ ደንበኛ ጀነሬተር መረጡ። ጀነሬተሩ ሙሉ ጭነት ሲነሳበት ማቃሰትና መጥፋት ጀመረ። ደንበኛው ዕቃው ብልሹ ነው ብሎ ጮኸ። ዕቃው ደህና ነበር። አራት ሰው፣ አንድ መኪና፣ ነዳጅና አበል ወጥቶ የተገኘው መልስ በዊኪው ላይ በሦስት መስመር ሊጻፍ ይችል ነበር።

የኮሚቴው ስጋት ይገባናል። ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቅም። አንድ ሰው የተሳሳተ የሽቦ ውፍረት ቢጽፍና ሌላው አምኖ ቢዘረጋ እሳት ነው። ይህን የሚክድ ከእኛ መካከል የለም። ግን የዊኪውን ከአንድ ሺህ በላይ ሊሆን የሚችል ገጽ በሙሉ እንደ ሽቦ ውፍረት መቁጠር ምን ይሉታል? የምሳ ሰዓት፣ የመለዋወጫ አቅራቢ ስልክ፣ የፕሪንተር ወረቀት ሲነከስ ምን እንደሚደረግ፣ ይህ ሁሉ ኮሚቴ ይፈልጋል? የአንድ አቅራቢ ስልክ ቁጥር ተቀይሮ እንኳ ለውጡ ስብሰባ ሲጠብቅ ከርሟል። ሱቅ ያሉት ልጆች አዲሱን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። ዊኪ ያለው ድርጅት ግድግዳ ላይ ይለጥፋል!

ቀድሞ አጽድቆ መጻፍና ቀድሞ ጽፎ መገምገም ምን ያህል እንደሚለያዩ ዓለም ሞክሮ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ኑፒዲያ የሚባል የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ጀመሩ። ጸሐፊዎቹ ምሁራን ነበሩ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሰባት የግምገማ ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያው ዓመት ያለቁት ጽሑፎች ከ20 ብዙም አልዘለሉም። በጥር 2001 እነዚሁ ሰዎች ማንም ሰው የሚጽፍበትን ዊኪፒዲያን ከጎኑ ከፈቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 20 ሺህ ጽሑፍ ደረሰ። ኑፒዲያ በ2003 ተዘጋ። ከሁሉም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ የሠራው የሶፍትዌር ባለሙያዎች የሥራ ልምዳቸውን እንዲለዋወጡበት ነው። ለኢንሳይክሎፒዲያ የዋለው በኋላ ነው። ስለዚህ ክፍት መሆን ለሥራ ቦታ አይሆንም የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም።

ደግሞም እኛ የምንጠቀምበት ሚዲያዊኪ ዊኪፒዲያ የሚሠራበት ያው ሶፍትዌር ነው። እያንዳንዱ ለውጥ በማን፣ መቼ፣ ምን እንደተለወጠ ይመዘግባል። የተበላሸ ገጽ በአንድ ሁለት ክሊክ ወደ ትናንቱ ይመለሳል። የሚያስፈራ ገጽ ካለ ያን ገጽ ብቻ ለይቶ መቆለፍ ይቻላል። ይህ ሁሉ መሣሪያ እያለ ከመጻፍ በፊት ኬላ ማቆም ለምን አስፈለገ?

ሦስተኛው ጉዳይ የመጻፊያው ሰሌዳ ነው። ይህ ከሰርኩላሩ በፊትም የነበረ ችግር ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ እዚህ ላይ ይቆማል። «አርትዕ» የሚለውን ሲጫኑ የሚመጣው ባዶ ሳጥን ነው። ቃል ለማድመቅ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ነጠላ የጥቅስ ምልክት (')፣ ርዕስ ለማድረግ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ሌላ ገጽ ለማገናኘት ድርብ የማዕዘን ቅንፍ ያስፈልጋል። አማርኛ እየጻፍን ለእያንዳንዱ ምልክት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ እናዞራለን፣ እንመልሳለን። የሒሳብ ክፍል አንዲት እህታችን ሠንጠረዥ ለመሥራት ሞክራ ገጹ በሙሉ የቁም መስመር (|) ሆኖ ሲወጣባት ደንግጣ ኮምፒውተሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ዊኪውን አልነካችም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። እንደ ዎርድ ዓይነት ቁልፎች ያሉት፣ የሚጻፈው እንዳለ የሚታይበት መጻፊያ ከሚዲያዊኪ 1.35 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ይመጣል። በነጻ ነው። ማብራት ብቻ ነው የሚቀረው። አይቲ ክፍል «ሰው ይለምደዋል» የሚል መልስ ሰጥቶናል። የለመደው ግን ራሱ አይቲ ክፍል ብቻ ነው።

ስልክንም አትርሱ። የመስክ ሰው ላፕቶፕ የለውም። ጎርጎራ ላይ ፓምፕ ከፍቶ ያየውን ብልሽት ፎቶ ማንሳትና ሁለት መስመር መጻፍ ቢችል ያ ገጽ ለሁላችንም ወርቅ ነው። ዊኪው ግን ዛሬ የስልክ ካሜራ የሚያነሳውን መጠን ያለው ፎቶ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ከግቢ ውጭም አይከፈትም። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ መቀመጡን አንቃወምም፤ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የውስጥ መረብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጎንደር ያለ ሰው አይነገረውም። የምንለው የመስክ ሰው ያነሳውን ሲመለስ ያለ ችግር የሚያስገባበት መንገድ ይኑር ነው።

አራተኛ፣ ፍለጋው። ይህን አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል። የጀነሬተር ድርጅት ነንና በገጾቻችን ላይ በብዛት ያለው ቃል «ኃይል» ነው። አንዱ «ኃይል» ብሎ ጽፎታል፣ ሌላው «ሀይል»፣ ሌላው «ሃይል»፣ የቆሎ ተማሪ የነበረው ወንድማችን «ኀይል»። ዊኪው አራቱን አራት የተለያየ ቃል አድርጎ ነው የሚያያቸው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ» እንዲሁ። አዲስ ሠራተኛ ፈልጎ ያጣል፣ የለም ብሎ ያስባል። መጻፍ የቻለ ደግሞ ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል። ስለ አንድ ፓምፕ ሦስት ገጽ ያለን ለዚህ ነው፤ ሦስቱም እርስ በርስ አይስማሙም።

የርዕሶቹም ነገር አለ። ወርክሾፕ ውስጥ ሁሉም ሰው ዲናሞ ነው የሚለው። ዊኪው ላይ ርዕሱ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በማንዋል ቋንቋ ተቀምጧል። ዲናሞ ጥቅለላ ብሎ የፈለገ ባዶ ይመለሳል። ዊኪ ግን መዞሪያ ገጽ የሚባል ቀላል ነገር አለው፤ ሰው በለመደው ስም ሲፈልግ ወደ ትክክለኛው ገጽ ይወስደዋል። ለእያንዳንዱ ስምና አጻጻፍ አንድ መዞሪያ ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። በፈቃደኝነት ልንሠራው ጠይቀን ነበር። መዞሪያ መጨመርም ቅጽ ይሞላበታል ተባልን።

አምስተኛውን ቶሎ እንለፈው፤ ቀንና ሰዓት። ሲስተሙ ለውጦችን በፈረንጅ ቀን ይመዘግባል፣ እኛ ገጹ ውስጥ በራሳችን ቀን እንጽፋለን። «10/3/2016» የሚለው ኅዳር ይሁን መጋቢት፣ የኛ 2016 ይሁን የእነሱ፣ የጻፈው ሰው ካልተጠየቀ አይታወቅም። የዋስትና ጊዜ በሚሰላበት ገጽ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰዓቱም እንዲሁ። «ሰርቨሩ በ3፡00 ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ግማሹ ሠራተኛ ጠዋት ሥራውን አቁሞ ቁጭ አለ። ለካ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለታቸው ነው።

ስድስተኛው ቅሬታ ስለ አያያዝ ነው። ሰርኩላሩ ከመውጣቱ በፊት ማራኪ ሱቅ የምትሠራ አንዲት ልጅ ደንበኞች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከነመልሱ ሰብስባ ገጽ ከፈተች። በራሷ ጊዜ ነው የሠራችው። በማግስቱ ገጹ የለም። «ደረጃውን ያልጠበቀ» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበት ተሰርዟል። የትኛው ደረጃ? የት ተጽፏል? ማን አየው? ማንም አልነገራትም። በቋንቋው ላይ ችግር ካለ ማረም፣ በመልሱ ላይ ጥርጣሬ ካለ ከሥር መጠየቅ ይቻል ነበር። እያንዳንዱ የዊኪ ገጽ ከጀርባው የውይይት ገጽ አለው፤ የእኛው ላይ ግን ተዘግቷል።

ጎንደር ላይ ሆነን ይህን ማንሳታችን ራሱ ይገርማል። የአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህራን በአንድ ጥቅስ ላይ ሲለያዩ አንዱን ትርጓሜ ፍቀው አያጠፉትም። «አንድም» ብለው ከጎኑ ያስቀምጡታል። ተማሪው ሁለቱንም ይሰማል፣ ከማን እንደመጣ ያውቃል፣ ሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች፣ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ የሚሉትን ይለያል። የአዘዞ ወርክሾፕ ፓምፑ የሚነሳው እንዲህ ነው ቢል፣ መስክ ያሉት ደግሞ በእንዲህ ሠርቶልናል ቢሉ ሁለቱም ከነስማቸው ቢቀመጡ ምን ይጎዳል? አንዱ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ስህተትነቱ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ያኔ ተከታዩ ሰው ያንኑ አይደግምም።

ሰርኩላሩ ከወጣ በኋላ የሆነውንም እንንገራችሁ፤ ከኮሚቴው ጠረጴዛ ላይታይ ይችላል። ሰው መጻፉን አላቆመም። ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ዞረ። አሁን ብልሽት ሲገጥመን የምንጠይቀው እዚያ ነው፤ መልሱም ወዲያው ይመጣል፣ አብዛኛው በድምፅ። ግን ከሳምንት በኋላ ያንን ድምፅ ማን ፈልጎ ያገኘዋል? በሠርግ ፎቶና በበዓል መልካም ምኞት መካከል ተቀብሯል። አዲስ የተቀጠረው ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ካልገባ ጨርሶ አይሰማውም። ሰው ሥራ ሲለቅ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ማጽደቂያው የመረጃውን ጥራት ያስጠብቃል ተብሎ ነበር። የሆነው መረጃው ማንም ወደማይገመግምበት ቦታ መሸሹ ነው።

ምናልባት «ለሁሉም ቢከፈት ማን ይጽፋል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 እንደጻፈው በአብዛኞቹ የጋራ ድረ ገጾች ላይ ከመቶ 90 ያህሉ ያነባል ብቻ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው 1 ነው። እኛ ዘንድም ብዙ አይለይም። እንግዲህ በባዶ ሜዳ እንኳ ጸሐፊ እንዲህ ብርቅ ከሆነ፣ መጻፍ የፈለገችውን ያችን አንዷን በቅጽና በስረዛ መመለስ ለማን ይጠቅማል?

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሰርኩላሩ ይነሳ። ሠራተኛ ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በራሱ ስም ገብቶ ይጻፍ፣ ያርም። የኤሌክትሪክ ደኅንነት፣ የሽቦና የብሬከር ልክ፣ የዋጋ ዝርዝርና የሰው ኃይል መመሪያ ገጾች ተለይተው ይቆለፉ፤ በእነዚህ ላይ የኮሚቴውን ማጽደቅ እንደግፋለን። ለቀሩት ኮሚቴው ከመጻፍ በፊት ያለውን ሥራ ትቶ ከተጻፈ በኋላ ይገምግም። የቅርብ ለውጦች ዝርዝር ዊኪው ላይ ስላለ በየጠዋቱ ለተወሰነ ደቂቃ ማየት በወር አንዴ ከመሰብሰብ ይቀላል። የጀነሬተሩ ገጽ ግን ስብሰባም ሆነ ሌላ ነገር ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይታረም።

ቁልፎች ያሉት መጻፊያ ይብራ። የፎቶ መጠን ገደቡ ከፍ ይበል። ስለ ብልሽት ለሚጻፍ ገጽ ዝግጁ ቅርጽ ይኑር፤ ማሽኑ፣ ምልክቱ፣ የተሞከረው፣ የሠራው፣ ያ ይበቃል። ባዶ ገጽ ያስፈራል፤ አራት የሚሞላ ቦታ ያለው ገጽ አያስፈራም። ማንም ገብቶ ቢያበላሸው ግድ የማይሰጥ የመለማመጃ ገጽም ይከፈት።

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ከመታወቂያውና ከሥራ ልብሱ ጋር አንድ የዊኪ ሥራ ይሰጠው፦ በመጀመሪያው ሳምንት የተጠቀመበትን አንድ ገጽ እንዲያስተካክል ወይም ያጣውን እንዲጨምር። ትንሽ ይሁን፤ የአንድ ስልክ ቁጥር እርማትም ይበቃል። በየቅርንጫፉ አንድ ነባር ሠራተኛ ይመደብለት፣ ለዚህም ከሥራ ሰዓቱ ላይ ጊዜ ይቆረጥለት። ዊኪ ላይ የሠራ ሰው ሥራው በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ይታይለት። አለበለዚያ «ሥራ ፈት ነው፣ ሲጽፍ ይውላል» የሚለው አለቃ ያሸንፋል።

ርዕሶች ወርክሾፕ ውስጥ በሚነገረው ስም ይሁኑ፣ ለማንዋሉ ስምና ለልዩ ልዩ አጻጻፎች መዞሪያ ይደረግ። ሥራውን እኛ እንሠራዋለን፤ ፈቃዱን ስጡን። ቀን በሚጻፍበት ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»፣ ሰዓት በሚጻፍበት «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» አብሮ ይጻፍ።

ገጽ ሲሰረዝ የሰረዘው ሰው ምክንያቱን እዚያው ይጻፍ፣ ለጸሐፊውም ይንገር። የውይይት ገጾቹ ይከፈቱ። የማራኪዋ እህታችን የደንበኞች ጥያቄ ገጽ ይመለስላት። የተሰረዘ ገጽ በሚዲያዊኪ ላይ በአስተዳዳሪ ትእዛዝ ስለሚመለስ ሥራዋ አልጠፋም።

በመጨረሻም የዊኪው ሙሉ ቅጂ በየሳምንቱ ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። መብራት ሲመጣና ሲሄድ የሚሆነውን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስታቢላይዘር የምንሸጠው እኛው ነን።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። የማይቻል ያላችሁት ካለ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይገለጽልን። መልሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በዊኪው የፊት ገጽ ላይም ይውጣ፤ ከሥሩም ሠራተኛው ሐሳቡን የሚጽፍበት የውይይት ገጽ ይከፈትለት።

ከአክብሮት ጋር፣

የጥገና ክፍል ቴክኒሻን፣
የአዲስ ሠራተኞች ተወካይ
በዋናው መሥሪያ ቤት፣ በአዘዞ ወርክሾፕና በማራኪ ሱቅ ያሉ አዲስ ሠራተኞችን በመወከል
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ለሠራተኛ ማኅበሩ